በሩ ሳይዘጋ የሚሠራ ቤት

(ለአገልግሎታችን ደጋፊዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ስብሰባ የተሰጠን ርእስ የሆስፒታል ሕንጻ ሥራ ነው። ስለ ሲሚንቶና ስለ ፌሮ መስማት ለብዙዎቻችሁ እምብዛም እንደማይጥም እናውቃለን። ነገር ግን ከደጋፊዎቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ ስላለ፣ እርሱን በግልጽ ብንመልስ ለአገልግሎቱም ለእናንተም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ጥያቄው ይህ ነው፦ «በባዶ መሬት ላይ አዲስ ቤት ከመሥራት ይልቅ በሥራ ላይ ባለ ሆስፒታል አንድ ክንፍ መጨመር ለምን የበለጠ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል? ሆስፒታሉን ለጥቂት ወራት ዘግቶ፣ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ መክፈት አይሻልም ወይ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዲት እናት ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ መጠየቅ የሰጪዎች መብት ነው። መልሳችን ግን በአጭሩ «አይዘጋም» የሚል ነው። ለምን እንደማይዘጋ፣ ሳይዘጋስ እንዴት እንደሚሠራ፣ ወጪውም ለምን እንደሚጨምር በቅደም ተከተል እንነግራችኋለን።

ስለ ቦታው

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በአንድ ቦታ ላይ እናቁመው። ያም ቦታ አብርሃ ጅራ ነው። አብርሃ ጅራ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ የምትገኝ፣ ለሱዳን ድንበር የቀረበች የቆላ ከተማ ናት። ጎንደር ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1889 እ.ኤ.አ. ከወደቁበት ከመተማ ጀምሮ በድንበሩ ላይ የተዘረጋው ሜዳ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ክረምቱ ሲገባ ከየደጋው ብዙ ሺህ ወጣቶች ለአረምና ለአጨዳ ወደዚህ ቆላ ይወርዳሉ። አብዛኞቹ ወባን የማያውቅ ገላ ይዘው ይመጣሉ፤ በእርሻው ዳር በዳስ ወይም በሜዳ ላይ ያድራሉ።

በዚህ አገር ሰውን የሚጥሉት ሕመሞች የታወቁ ናቸው። አንዱ ወባ ነው። ሁለተኛው የእባብ ንክሻ ነው። ሦስተኛው ካላዛር ነው፤ ይህ በሽታ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሰውነትን ያመነምናል፣ ትኩሳቱም አይለቅም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ካልታከመ ከ100 በሽተኞች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በሁመራና በመተማ ሜዳ ካላዛር በወቅት ሠራተኞች መካከል በብዛት መታየት የጀመረው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

አሁን ስለ ሕክምናው አንድ ቁጥር ያዙልን። በምሥራቅ አፍሪካ ለካላዛር በሰፊው የሚሰጠው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶች በየቀኑ በመርፌ ለ17 ቀናት የሚወሰዱበት ነው። በሽተኛው በደሙ ኤች አይ ቪ ካለበት ደግሞ ሕክምናው 28 ቀናት ይፈጃል። ይህ የ28 ቀኑ ሕክምና ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎንደርና በዚያው በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ በምትገኘው በአብዱራፊ ተሞክሮ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ ገብቷል። በአብዱራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት የካላዛር በሽተኞችን ሲያክም ኖሯል። ከዚህ ሩቅ ቆላ አልጋዎች የተገኘው ዕውቀት ዛሬ ለሌሎች አገሮችም ይጠቅማል ማለት ነው።

እንግዲህ «ለጥቂት ወራት እንዝጋ» ስንል ምን ማለታችን ነው? 17 መርፌ ከሚያስፈልገው ሰው ዘጠኝ ብቻ የተወጋውን «ተነሥና ሂድ» ማለት ነው። ወዴት ይሂድ? በገንዳ ውኃ የመተማ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያም በላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ነገር ግን ይህ ሰው ከደጋ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ በከተማው ዘመድ የለውም፤ ኪሱም ባዶ ነው። በክረምት ጥቁሩ አፈር መኪና ይይዛል። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ ለብዙዎች አስጊ ሆኖ ቆይቷል። እባብ የነደፈው ሰው ወይም ምጥ የጠናባት ሴት ደግሞ ሰዓት እንጂ ቀን የላቸውም።

በዚህ ላይ ድንበር ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ። በዚያው በ2023 እ.ኤ.አ. በኩመር በነበረው የስደተኞች ጣቢያ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር «በዚህ ወር በሽተኛ አይበዛም» ብሎ መተማመን አይቻልም። የወባው ጊዜ አልፎ መከሩ ሲያበቃ ፋታ የሚገኝ ይመስላል፤ ካላዛር ግን ከንክሻው በኋላ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ የሚገለጥ ስለሆነ፣ ለግንባታ በሚመቸው በበጋውም አልጋው አይራቆትም።

ሆስፒታሎቻችን እንዴት እንዳደጉ

ይህ የአብርሃ ጅራ ብቻ ነገር አይደለም። በአገራችን አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ያደጉት በሽተኛ እያከሙ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘውን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልን ተመልከቱ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በጀርመን ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ርዳታ ለድሆች ታስቦ ተሠራ። በ2007 እ.ኤ.አ. የሕክምና ትምህርት ቤት ተጨመረበት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረበት። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በግቢው ውስጥ ሕንጻ በሕንጻ ላይ ሲጨመር በሽተኛው በዚያው በር ይገባ ነበር። ዛሬ እዚያ የሚታከመው ድሃ የመጀመሪያዎቹን ሰጪዎች ስም አያውቅም፤ ስጦታቸው ግን እስካሁን ይሠራል።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም ይህን ሥርዓት ያሳየናል። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 እንደምናነበው፣ ከምርኮ የተመለሱት ወገኖች የቤተ መቅደሱ መሠረት ገና ሳይጣል መሠዊያውን በስፍራው አቁመው የዕለት ዕለቱን መሥዋዕት ማቅረብ ጀመሩ። ግንበኛው ከኋላ መጣ። ለእኛም እንዲሁ ነው፤ አገልግሎቱ ይቀድማል፤ ሕንጻው ለአገልግሎቱ ይገዛል።

ከዶማው በፊት

ሥራው እንዴት ይሄዳል? ብዙ ሰው የሕንጻ ሥራ በመሠረት ቁፋሮ የሚጀምር ይመስለዋል። ክፍት በሆነ ሆስፒታል ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያልፉት በመጠየቅ ነው። የውሃው ቧንቧ በየት ያልፋል? የፍሳሹ ፖዜቶ የት ነው? የኤሌክትሪኩ ገመድ ከመሬት በታች ነው ወይስ በጣራ? እነዚህ ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ አይገኙም፤ ወይም ወረቀቱ ከተሣለ በኋላ ሦስት ጊዜ ተለውጠዋል። ስለዚህ ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጥተን ወደ ግቢው ዘበኛና ወደ ቧንቧ ሠራተኛው እንሄዳለን። «አባባ፣ ይህ ቦይ ሲቆፈር ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ መሣሪያ ይሻላል። ከዚያም ቧንቧው ያልፋል የተባለበትን ቦታ በእጅ፣ በቀስታ ቆፍረን እናየዋለን።

ስሙን በማንጠራው በአንድ ሆስፒታል ይህ ሳይደረግ ቀርቶ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ በዶማው ዋናውን የውሃ መስመር በጠሰው። በማዋለጃው ክፍል አዋላጇ እጇን በሳሙና እንደ ለቀለቀች ውሃው ጠፋ። ሠራተኛው ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ቆፍር የተባለበትን ቆፍሯል። ጥፋቱ ከዶማው በፊት ጥያቄ አለመቅደሙ ነው።

ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ደጋፊ የማያየው ሥራ ነው። አዲሱ ክንፍ አንድ ብሎኬት ሳይደረደርለት በፊት፣ ለሆስፒታሉ ተጨማሪ የውሃ ታንከር ይቆማል፤ ጀነሬተሩ ይፈተሻል፤ መጠባበቂያ ይዘጋጃል። የኦክስጅን መሣሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ መብራት ሲቋረጥ የሚተካ የተሞላ ሲሊንደር ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣል። የክትባቱ ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መጠበቅ አለበት። ለካላዛር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም፤ ውጪው 40 ዲግሪ በሆነበት አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። መስመር ለመቀየር መብራት የሚቋረጥ ከሆነ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ፣ ነርሶቹና የቀዶ ጥገና ክፍሉ ተስማምተውበት፣ በቀን ብርሃን ይሆናል። የሥራ ተቋራጩ ካፖ በገዛ ፈቃዱ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም።

ውሃውም እንዲሁ ነው። በዚያ ፀሐይ አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶው ውሃ ይጠጣል፤ በሽተኛውም ይጠጣል። ሁለቱ ከአንድ ቧንቧ እንዲጠጡ ከተተዉ የሚጠማው በሽተኛው ነው። ስለሆነም ሠሪው የራሱን ውሃ በቦቴ አምጥቶ በራሱ ታንከር ማስቀመጥ ይገባዋል፤ ይህም በውሉ ውስጥ ይጻፋል፤ ዋጋም አለው።

ስለ ጥቁሩ አፈር

የዚህ ቆላ አፈር በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬው መረሬ የሚለው ዓይነት። ሰሊጥና ጥጥ ይወድዱታል፤ ግንበኛ ግን ይፈራዋል። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ቤት በዚህ አፈር ላይ እንደ ዋዛ ቢቆም በየዓመቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ግድግዳው በበርና በመስኮት ጥግ ይቀደዳል።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በተመረጠ ሙሌት እየጠቀጠቁ መተካት፣ ወይም መሠረቱን እርጥበቱ ወደማይለዋወጥበት ጥልቀት ማውረድ ነው። ከዚያም የዝናቡ ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ በዙሪያው የሲሚንቶ ንጣፍና ቦይ መሥራት ያስፈልጋል። ይህ በባዶ መሬት ላይ ቀላል ነው። በአሮጌው ክንፍ አጠገብ ሲሆን ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ከአሮጌው መሠረት በታች ጠልቀን ከቆፈርን፣ በሽተኞች የተኙበት ግድግዳ የሚደገፍበት ያጣል። ስለዚህ በዚያ በኩል መሬቱ በአንድ ጊዜ አይከፈትም። በአጭር በአጭር ይቆፈራል፤ የተቆፈረው ተሞልቶ ሲጠና ቀጣዩ ይከፈታል። አንድ ሳምንት ይበቃ የነበረው ሥራ አምስት ሳምንት ይሄዳል።

ሌላም አለ። አሮጌው ክንፍ ከመሬቱ ጋር ከተላመደ ቆይቷል፤ አዲሱ ግን ገና ይረግጣል። ሁለቱን በፌሮ አጥብቀን ብናስር ሲረግጥ ይቀዳድዳቸዋል። በመካከላቸው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትተን፣ ውሃና አቧራ በማያስገባ ተለጣጭ ነገር እንሸፍነዋለን። ደጋፊዎቻችን ሲጎበኙ «ይህ ስንጥቅ ምንድን ነው? ሳይጨርሱ ሄዱ እንዴ?» ይላሉ። ሆን ተብሎ የተተወ ነውና አትዘኑበት።

የጥቁር አፈር ስንጥቅ ለአሸዋ ዝንብም መኖሪያ ነው። በሆስፒታሉ ግቢ የሚከማች አፈርና የሚተው ስንጥቅ በሽታውን ልናክምበት ወደ መጣንበት ቤት መልሰን እንደ መጋበዝ ይሆናል። የቆፈርነው ጉድጓድ ውሃ ከቋጠረ ደግሞ በዚያ ሙቀት የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትበር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለሆነም በየሳምንቱ፣ በተወሰነ ቀን፣ የግቢው ጉድጓድ ሁሉ ይታያል፤ የቋጠረው ይቀዳል ወይም ይደፈናል። አፈሩም ተከምሮ አይከርምም፤ ይወጣል።

ስለ አቧራው

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ለማውረድ ጌታ የነበረበትን ቤት ጣራ እንደ ነደሉ ተጽፏል። በቤቱ በነበሩት ላይ ስንት አቧራ እንደ ወረደ ወንጌሉ አይነግረንም። እኛ ግን በሽተኛ በተኛበት ቤት ግድግዳ የምንነድል ሰዎች አቧራውን ልንቆጥረው ይገባል።

የአቧራን ነገር ቀላል አድርገን እንዳናይ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። በ1965 እ.ኤ.አ. በጋ፣ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን በሚገኘው በቅድስት ኤልሳቤጥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል 81 ሰዎች በሳምባ ምች ታመሙ፤ 14ቱ ሞቱ። በዚያን ጊዜ ምክንያቱ አልተገኘም። ከአሥር ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ሲታወቅ፣ ተቀምጦ የነበረው ደም ተመርምሮ ጥፋተኛው እርሱ ሆኖ ተገኘ። በዚያ በጋ በግቢው ውስጥ ቧንቧ ለመቅበር መሬት ይቆፈር ነበር፤ ወደ ቁፋሮው አቅራቢያ በተከፈቱ መስኮቶች አጠገብ የተኙት ሕሙማን ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ታመው ነበር። ቆፋሪዎቹ ማንንም ለመጉዳት አላሰቡም። ሥራቸውን ሲሠሩ ነበር።

ከአሮጌ ግድግዳና ከጣራ የሚነሣው አቧራም የሻጋታ ዘር ይይዛል። ጤነኛ ሰው ቢተነፍሰው አስነጥሶ ያልፋል፤ ካላዛርና ኤች አይ ቪ አቅሙን ላሟጠጠው ሰው ግን የሳምባ በሽታ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ የሚነደለው ግድግዳ ከሕሙማኑ ክፍል በእንጨትና በወፍራም ላስቲክ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ቀዳዳ ሳይተው ይከለላል። ፍርስራሹ በውሃ ይረጫል፤ በሕሙማኑ መተላለፊያ በኩል ሳይሆን በውጭ በኩል ይወጣል። ካሪዮላ የሚገፋበት መንገድና ቃሬዛ የሚያልፍበት መንገድ አይገናኙም። ከሁሉም በላይ፣ አሮጌውንና አዲሱን ክንፍ የሚያገናኘው በር የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። አዲሱ ክንፍ ተገንብቶ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ብቻ ያ አንድ ግድግዳ ይነደላል።

ይህን ስንል በቀላሉ የማይፈታ አንድ ነገር እናውቃለን። አቧራ እንዳይገባ መስኮት ዝጉ እንላለን፤ በመጋቢት ግን በአብርሃ ጅራ የተዘጋ ክፍል ምድጃ ነው። በአቧራ ከመታመምና በሙቀት ከመቃጠል በሽተኛው አይምረጥ። ስለዚህ በቁፋሮው በኩል ያሉት አልጋዎች አስቀድመው ወደ ሌላው ጎን ይዛወራሉ፤ ያም የሚሆነው በዚያ ጎን ቦታ ከተዘጋጀ ነው። ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ በግቢው የሚተከል የሸራ ድንኳን ወይም የቆርቆሮ ዳስ ነው። እርሱም ጊዜያዊ ነው፤ እርሱም ገንዘብ ነው።

አዲሱ ክንፍ ራሱ ለአገሩ ሊስማማ ይገባዋል። ረጅሙ ጎኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲያይ፣ ጠባቡ ጎን ብቻ የጠዋትና የማታ ፀሐይ እንዲመታው ይደረጋል፤ በረንዳው ይሰፋል። የመስኮቱ ወንፊት ደግሞ ደንበኛው የትንኝ ወንፊት አይበቃም፤ የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ በጣም ታንሳለችና በቀዳዳው ታልፋለች። ወንፊቱ ሲደቅ ነፋሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መስኮቱ ከወትሮው ይሰፋል።

ስለ አስታማሚዎችና ስለ ሠራተኞች

በሆስፒታል ግቢያችን ከአልጋው ውጭ የሚኖር ሌላ ሕዝብ አለ፤ አስታማሚዎች። እንጀራ ያመጣሉ፤ ጥላ ሥር ያርፋሉ፤ ማታ በረንዳ ላይ ያድራሉ። በፕላን ላይ «ባዶ ቦታ» ተብሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ የእነርሱ ጥላ ነው። ያን ዛፍ ቆርጠን መሠረት ብንጥል፣ በሽተኛውን የሚያበላውንና የሚያገላብጠውን ሰው ፀሐይ ላይ አወጣነው ማለት ነው። ስለሆነም አንድ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ዳሱ በሌላ ቦታ ይቆማል፤ ውሃና መጸዳጃም ይቀርብለታል። ከደጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ አስታማሚ የለውም። ለእርሱ አስታማሚው አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ዘመድ ነው፤ ከራሱ ሰው ምሳ ቆርሶ ይሰጠዋል። ያን ዳስ ስናፈርስ የምናፈርሰው ይህንንም ነው።

ቤቱን የሚሠሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ ከደጋ ወርደው የሚመጡ ናቸው። ዳር ላይ ሜዳ ላይ ቢያድሩ በወሩ መጨረሻ የሚገነቡት ቤት በሽተኞች ይሆናሉ። መኝታ ቤትና አጎበር ለሠራተኛው ማዘጋጀት ቸርነት ብቻ አይደለም፤ የሥራው ክፍል ነው።

ድምፅም አለ። ቀዶ ጥገና ሲካሄድ መዶሻ አይመታም። አንድ ነርስ «አቁሙ» ስትል ሥራው የሚቆምበት ምልክት ይኖራል፤ ግንበኛው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ለጠፋው ሰዓት ግን የቀን ሠራተኛው ደመወዙ መቀነስ የለበትም። ይህንንም በውሉ እንጽፋለን፤ ካልተጻፈ ድሃው ሠራተኛ ለድሃው በሽተኛ ዝምታ ከኪሱ ይከፍላልና።

መዛወሩ

ክንፉ ሲያልቅ ሪባን ለመቁረጥ መቸኮል ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን ውሃው በየቧንቧው እስኪጠራ ይፈስሳል፤ መብራቱ ሌሊት ይፈተናል፤ ጀነሬተሩ ሆን ተብሎ ይሞከራል፤ ወለሉና ግድግዳው ሁለት ጊዜ ይታጠባል። ከዚያም ሕሙማኑ በአንድ ቀን ሳይሆን ክፍል በክፍል ይዛወራሉ። መጀመሪያ በእግራቸው የሚሄዱት፣ በመጨረሻ በኦክስጅን ላይ ያሉት። የመርፌያቸው ሰዓት አይለወጥም፤ ዘጠነኛውን መርፌ በአሮጌው ክፍል የተወጋ፣ አሥረኛውን በአዲሱ ክፍል በዚያው ሰዓት ይወጋል። አዲሱ አልጋ ሳይነጠፍ አሮጌው አይነሣም። ባዶ የሆነው አሮጌ ክፍል ደግሞ በተራው ይታደሳል።

ስለ ገንዘቡ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልስ ደርሰናል። ከዘረዘርንላችሁ ነገሮች መካከል ስንቱ በምረቃው ቀን ይታያል? ላስቲኩ ተነሥቷል፤ ድንኳኑ ፈርሷል፤ የውሃው ቦቴ ሄዷል፤ ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ ነርሷ ያስቆመችው ሰዓት በየትም አይታይም። የሚታየው ግድግዳና ቀለም ነው። ከስጦታችሁ ውስጥ ብዙው የሄደው ግን የማይታየውን ለመሥራት ነው። ለግድግዳ ስም የሚቀረጽበት ድንጋይ አለ፤ ለላስቲክ ግርዶሽ ድንጋይ የለም።

በርዳታ ሥራ ያለውም ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ገንዘብ ሲያንስ በመጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ የማይታየው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ቢቆረጥ በፎቶግራፉ ላይ አይታወቅም። የሚታወቀው በበሽተኛው ሳምባ ነው። የአገራችን የጤና ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ይደነግጋል፤ በአጨዳ ወራት በዚህ ቆላ ከነዋሪው በላይ የሚሆን እንግዳ ይጨመራል። እንዲህ ያለውን ቤት አንድ ሳምንት መዝጋት ስንት ሰው ከደጅ እንደሚመልስ ገምቱት።

ስለዚህ እናንተን ደጋፊዎቻችንን ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ለሕንጻ ስትሰጡ «ለሚታየውም ለማይታየውም ይሁን» ብላችሁ ስጡ። ጊዜያዊው ሥራ በበጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር እንዲኖረው፣ ገንዘብ ቢያጥርም ከእርሱ እንዳይቆረጥ እንፈልጋለን። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲዘገይ ታገሡን። ጥቁሩ አፈር ከሰኔ እስከ መስከረም መኪና አያሳልፍም፤ መከሩም እጅ ይሻማል፤ ለከባዱ ሥራ የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ብቻ ነው። የአንድ በጋ ሥራ ወደ ሁለት በጋ ቢሄድ ስንፍና ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ሂሳቡን ግን ጠይቁን፤ እናቀርባለን። ሦስተኛ፣ ጸልዩ። ለመንገዱ ሰላም ጸልዩ። ምስጋና ሳይጠብቁ በዚያ ሙቀት ስለሚሠሩት ነርሶች፣ አዋላጆችና የጽዳት ሠራተኞች ጸልዩ። ዛሬ ማታ 17ኛ መርፌውን እየቆጠረ ስለተኛው፣ ስሙን ስለማናውቀው የሰሊጥ አጫጅ ጸልዩ።

እርሱ አዲሱ ክንፍ ሲመረቅ እዚያ አይኖርም። ድኖ ወደ ደጋው፣ ወደ እናቱ ቤት ሄዷል። ከአጠገቡ ግድግዳ ይነደል እንደ ነበርም ምናልባት አያስታውስም። የእኛ ደስታ ይህ ይሁን።